ከቆርቆሮው የወሰድኩት ገንዘብ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

አምድዎን የማነበው ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ዋሽንግተን መሃል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ፤ ቀን ቀን ኡበር እነዳለሁ። በ2011 በዲቪ መጣሁ። ከባለቤቴና ከ11 ዓመት ልጄ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ እንኖራለን።

የአሜሪካ ፉትቦልን የለመድኩት እዚያችው ገንዘብ መቀበያ ክፍል ውስጥ ነው። አብሮኝ የሚሠራ የሀገሩ ሰው ትንሽ ቴሌቪዥን ነበረው። ጊዜው 2012 ነው፤ ቡድናችን፣ ዛሬ ኮማንደርስ የሚባለው የዋሽንግተኑ፣ ኳስ ወርዋሪውን ሮበርት ግሪፈንን የወሰደበት ዓመት። ሕጉ ሳይገባኝ ወደድኩት።

ልጄ ከፍ ሲል ጨዋታው የሁለታችን ሆነ። እሱ ግን ከጨዋታው ይልቅ ድራፍቱን ይወዳል። ለማያውቅ አንባቢ፣ ድራፍት ማለት በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ 32ቱ ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች በሰባት ዙር ተራ በተራ የሚመርጡበት ነው። ልጄ ለዚህ የተለየ ደብተር አለው። ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ይከፍልና በግራ የቡድኖቹን ስም፣ በቀኝ እያንዳንዱ ቡድን ማንን መውሰድ እንዳለበት በእርሳስ ይጽፋል። ሐሳቡ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ በኮማንደርስ መስመር ላይ ላጲሱ ወረቀቱን በስቶታል።

በ2024 ሁለተኛ ተራ ደርሶን ኳስ ወርዋሪውን ጄይደን ዳንኤልስን ወሰድን። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ፣ ከቺካጎ ጋር ስንጫወት፣ ሰዓቱ አልቆ ዳንኤልስ የወረወራት ኳስ በሰው እጅ ተነክታ ኖአ ብራውን እጅ ስትገባ ልጄ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። 18 ለ 15 አሸነፍን። ቆርቆሮው የተጀመረው በማግስቱ ነው። ባዶ የቡና ቆርቆሮ ክዳኑን ቀደድን፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሸግን፣ እሱ በወረቀት «ፒትስበርግ 2026» ብሎ ለጠፈበት። የ2026ቱ ድራፍት እዚያ ስለሆነ አብረን ሄደን ልናይ ነው። የልደቱን ገንዘብ፣ ለበዓል አያቱ የላኩለትን፣ እኔም ከጉርሻ የተረፈኝን እንጨምር ነበር።

አሁን የምጽፈውን ለማንም አልተናገርኩም። አባቴ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። በ2025፣ የድራፍቱ ዋዜማ ሌሊት፣ ጋቢያቸውን ደርበው ከደጃችን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በሕልሜ አየኋቸው። «አይዞህ፣ ይመረጣል» አሉኝ። ያን ሰሞን ወሬው ሁሉ የኮሌጁ ኳስ ወርዋሪ ሸዱር ሳንደርስ በመጀመሪያው ዙር ይመረጣል አይመረጥም ነበር። አባቴ መንገድ አሳዩኝ ብዬ አመንኩ። የቆርቆሮውን ፕላስተር ቀስ ብዬ ልጬ 640 ዶላር አወጣሁ። የዚያን ሳምንት የእቁብ 500 ጨመርኩበት። ባንክ አስገብቼ፣ በመጀመሪያው ዙር ይመረጣል ብዬ በስልኬ በውርርድ አስያዝኩ።

ሐሙስ ማታ 32 ስም ተጠራ፤ የእሱ የለም። ዓርብ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር አለፈ። ቅዳሜ፣ በአምስተኛው ዙር፣ 144ኛ ሆኖ ክሊቭላንድ ወሰደው። እኔ ያኔ መንገደኛ ጭኜ 16ኛው መንገድ ላይ ነበርኩ።

የእቁቡን 500 ከክሬዲት ካርድ አውጥቼ ከፈልኩ፤ ወለዱ እስካሁን ይቆጥራል። ቆርቆሮው ውስጥ እስካሁን የመለስኩት 200 ብቻ ነው። እቁባችን 20 ሰው ነው፣ በየሁለት ሳምንቱ 500፤ የእኔ ዕጣ ፌብሩዋሪ ላይ ነው። አሥሩን ሺህ ባለቤቴ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ አስባዋለች። እኔ ደግሞ ሌሊት ሌሊት «ከእሱ ላይ አንድ ሺህ ብቻ ቀንሼ በዚህ ድራፍት የወጣውን ልመልሰው» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ልጄ ቆርቆሮውን እያነሳ ይነቀንቀዋል። ሳንቲሙ ስለሚጮህ ሙሉ ይመስለዋል።

ለባለቤቴ ልንገራት? ወይስ ሞልቼ ዝም ልበል? ጓደኞቼ «የማታውቀው የፈረንጅ ጨዋታ ነው ጉድ ያደረገህ፣ ተወው» ይሉኛል፤ እነሱ የሚያውቁት ግን ግማሹን ነው። ልጄንስ ከዚህ ልለየው?

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አባት


ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከሁሉም ያልለቀቀኝ ያ የሚነቀነቀው ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር፣ ወደ ባለቤትህ እመለሳለሁ።

ጨዋታውን አትተው፤ ልጅህንም አትለየው። እኔም ታክሲ በነዳሁባቸው ዓመታት እሑድ እሑድ ሬዲዮኔ ከዚህ ቡድን ላይ ተነስቶ አያውቅም፤ ስለዚህ የምትወደውን አውቃለሁ። ድራፍት ለተሸናፊ የተሠራ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት ከሁሉ የከፋው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል፣ ዋንጫ የበላው መጨረሻ ይቆማል። ኋለኞች ፊተኞች ይሆናሉ የሚለውን ቃል በስፖርት ውስጥ እንዲህ በግልጽ ያየሁበት ሌላ ቦታ የለም። በ2025 ዳንኤልስ ሲጎዳና ቡድናችን ሲወድቅ ልጅህ ዲሴምበር ላይ ደብተሩን አውጥቶ መስመር ማስመር የቻለው ለዚህ ነው። ያ ተስፋ ደግሞ ምንም አያስከፍልም። ዋጋው አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ነው። አንተን የጎዳህ ተስፋው ላይ ዋጋ የለጠፍክበት ቀን ነው።

ስለ ሕልሙ፣ አባትህን በሕልምህ ማየትህን አላቃልልብህም። እኔም እናቴን አያለሁ፤ ያየሁ ቀን ውዬ የማድረው ሌላ ሰው ሆኜ ነው። ግን ራስህ የጻፍከውን መልሰህ አንብበው። «አይዞህ፣ ይመረጣል» አሉህ እንጂ ስም አልጠሩልህም። ስሙን ያስገባኸው አንተ ነህ፤ ሳምንቱን ሙሉ ስታነበው የሰነበትክ ስም ስለነበር። አባትህ ያሉህን እንደ አባት ቃል ያዘው። ገንዘብ የት እንደሚቀመጥ አልነገሩህም፤ የአንተ ስህተት በእሳቸው ላይ እንዲቆጠር አታድርግ።

አሁን ወደ አስፈሪው ነገር ልሂድ፣ ወደዚያች «አንድ ሺህ ብቻ ቀንሼ» ወደምትለዋ። ሰው የሚጠፋው በመጀመሪያው 1,140 አይደለም፤ እሱን ለመመለስ በሚወጣው ነው።

የአንተን የመጀመሪያ ፍቅር፣ የግሪፈንን ነገር ላስታውስህ። በ2012 ቡድናችን ከ6ኛ ተራ ወደ 2ኛ ከፍ ለማለት የዚያን ዓመት ሁለተኛ ዙር፣ ከዚያም የ2013ንና የ2014ን የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች ራምስ ለሚባለው ቡድን ሰጠ። በእኛ ቋንቋ ገና ያልደረሰ የእቁብ ዕጣውን ሁለት ጊዜ ሸጠ። ልጁ በመጀመሪያ ዓመቱ ድንቅ ነበር። ጃንዋሪ 2013 ከሲያትል ጋር በተደረገው ጨዋታ ጉልበቱ ሲታጠፍ ግን እኔ ኮኔቲከት ጎዳና ላይ መኪናዬን አቁሜ ነው ያዳመጥኩት፤ ከዚያ በኋላ ያው አልሆነም። ዲሴምበር 2014 ራምሶች ወደ ሜዳችን፣ ላንዶቨር መጡ። ሳንቲም ሊጣል ሲል አምበል አድርገው የላኳቸው በዚያ ልውውጥ ያገኟቸውን ስድስት ተጫዋቾች ነበር። ስድስቱ ጎን ለጎን ሆነው ወደ ሜዳው መሃል ሲሄዱ ያየሁትን አልረሳውም። 24 ለ 0 ተሸነፍን።

ያንን ውሳኔ የወሰኑት ሌላ ሥራ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ኮሌጅ ለኮሌጅ እየዞሩ ልጆቹ ሲሮጡ ሰዓት ይይዛሉ፣ ሐኪም ጉልበታቸውን ያያል፣ ቁጭ አድርገው ያነጋግሯቸዋል። እንዲህም ሆኖ፣ በኋላ ከታላላቆቹ አንዱ የሆነውን ቶም ብራዲን በ2000 እስከ 199ኛ ድረስ ማንም አልነካውም። ብሮክ ፐርዲ በ2022 ከሁሉም የመጨረሻው፣ 262ኛ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሳን ፍራንሲስኮን ለዋንጫው ፍጻሜ፣ ለሱፐር ቦውል አደረሰ። በ1936 የመጀመሪያው ድራፍት ሲካሄድ በታሪክ አንደኛ ሆኖ የተመረጠው ጄይ በርዋንገር እስከ ጭራሹ ፕሮፌሽናል ሆኖ አልተጫወተም። እነዚህን ሁሉ መራጮች ያቃታቸውን ነገር፣ አንተ ከሌሊት ፈረቃ ወጥተህ በስልክህ አታውቀውም። እሳት የላሱ ተወራራጆችም አያውቁትም። ከዚህ ድራፍት 1,140 ይመለሳል ብለህ የምትቀመጥበት ምንም መሬት የለም።

ስለዚህ ዛሬ፣ ይህንን አንብበህ ስትጨርስ፣ መተግበሪያውን ከስልክህ አጥፋ። እሱ ብቻ አይበቃም፤ በአምስት ደቂቃ መልሰህ ታወርደዋለህና። የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። ግዛቲቱ ሰው በገዛ ፈቃዱ ራሱን ከውርርድ የሚያግድበት መዝገብ አላት፤ ተመዝገብ። ሌሊት ላይ ሐሳቡ ሲመጣብህ በሩ ተዘግቶ ይቆይህ።

ቀጥሎ ባለቤትህ። ንገራት። ሞልቼ ዝም ልበል ያልከውን አልቀበለውም። እቁብ ወረቀት የሌለው ውል ነው፤ 19 ሰው አንተ ዕጣህን ከበላህ በኋላም እየከፈልክ እንደምትቀጥል አምኖ ነው የሚሰጥህ። ዳኛው ፊት የሚቆመው ስም የአንተ ብቻ አይደለም፣ የእሷም ነው። ያ አሥር ሺህ እጅህ ከመግባቱ በፊት ማወቅ አለባት። ከገባ በኋላ ከነገርካት ሌላ ነገር ይሆናል፤ እሷም ትክክል ትሆናለች።

እንዴት ትነግራታለህ? ልጁ በሌለበት፣ ሁለታችሁም እረፍት በሆናችሁበት ቀን። የክሬዲት ካርዱን ወረቀት ይዘህ ቅረብ፤ አሃዙን ከአንተ አፍ ሳይሆን ከወረቀቱ ታንብብ። «ለልጁ ብዬ ነው» አትበል፤ ለልጁ አልነበረም። ሕልሙን ከፈለግህ በኋላ ንገራት፣ መጀመሪያ ግን ገንዘቡን። ከተቆጣች ትቆጣ፣ ሁለት ቀን ካላናገረችህ አታናግርህ። አንድ ነገር ግን ራስህ ጠይቃት፦ የእቁቡ ዕጣ ሲወጣ ቼኩም ጥሬውም በእሷ እጅ ይግባ። ይህን እሷ ሳትጠይቅህ አንተ ቀድመህ ካልክ ከብዙ ይቅርታ ይልቅ ትሰማሃለች ብዬ አምናለሁ።

ልጁስ? አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ የ32 ቡድን ጉድለት ለይቶ የሚያውቅ ልጅ የአባቱን ስህተት መሸከም አያቅተውም። ከእናቱ ጋር ከተነጋገራችሁ በኋላ ቆርቆሮውን ጠረጴዛ ላይ አምጥተህ እሱ ራሱ ፕላስተሩን ይላጠው። «ከዚህ ውስጥ ያንተን ገንዘብ ሳልነግርህ ወስጃለሁ፣ አስይዤ ተበላሁ» በለው፤ በዚሁ ቃል። የጎደለው 440 ነው። እስከ ፒትስበርግ ድረስ 15 ሳምንት ያህል አለህ፤ በሳምንት 30 ዶላር ብታስገባ 450 ይሆናል። በየሳምንቱ እሱ እያየ አስገባ፣ በዚያው ደብተር ጀርባ ላይ እሱ ይመዝግበው። ከኡበሩ አንድ ቀን ማታ ትርፍ ሰዓት ብትነዳ ታገኘዋለህ፤ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ጀርባ ይቆርጣል።

ደግሞ አንድ የዘነጋኸው ነገር አለ፣ ወይም ስለተጨነቅህ አላሰብከውም። ድራፍት ለመግባት ገንዘብ አይከፈልም። በስልክ ተመዝግቦ በነፃ ነው የሚገባው፤ በ2024 ዲትሮይት ላይ በሦስት ቀን ከ775,000 ሰው በላይ የተሰበሰበው እንዲሁ ነው። ፒትስበርግ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ነው። ሆቴሉ ቢቀር በሌሊት ተነስታችሁ፣ ዳቦና ቆሎ ይዛችሁ፣ ቅዳሜን ብቻ አይታችሁ መመለስ ትችላላችሁ። እኔን ብትጠይቀኝ ቅዳሜን ነው የምመርጠው፤ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ዙር ያሉት ልጆች የሚጠሩበት ቀን ነው፣ እንደ ብራዲና እንደ ፐርዲ ያሉት። የ2027ቱ ደግሞ እዚሁ ዋሽንግተን ናሽናል ሞል ላይ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀዩን መስመር ይዛችሁ፣ ሜትሮ ሴንተር ቀይራችሁ፣ ስሚዝሶኒያን መውረድ ነው። እናቱም ትመጣለች።

ከባለቤትህ ጋር ከተነጋገርክ በኋላ ጻፍልኝ። ልጅህ በዚያ በተበሳው መስመር ላይ በመጨረሻ የማንን ስም እንደጻፈበትም ንገረኝ፤ እኔም ኤፕሪል ላይ ወረቀት ይዤ እጠብቃለሁ።