«ካርዱን ካገኘ በኋላ»

ጥያቄ፦ ፍሎሪዳ የምኖር የ34 ዓመት ነርስ ነኝ። ባለቤቴ አሜሪካዊ ነው፤ ፕሮፌሽናል ጎልፍ ተጫዋች። ቴሌቪዥን ላይ እንደሚታዩት ግን አይደለም። በራሱ መኪና ከከተማ ከተማ እየዞረ ትናንሽ ውድድሮች ላይ ይጫወታል። መመዝገቢያ ይከፍላል፣ ሆቴል ይከፍላል፣ ሁለት ቀን ተጫውቶ ነጥቡ ሳይበቃ ከውድድሩ ከተቆረጠ ባዶ እጁን ይመለሳል። ይኸው አሥር ዓመቱ። አምና ማጣሪያው ላይ በአንድ ምት ወደቀ፣ ካቻምና በሁለት። የቤት ኪራዩ የሚከፈለው በእኔ የሌሊት ሥራ ነው። ካርዱን ካገኘ በኋላ ልጅ እንወልዳለን፣ እናቴን አመጣለሁ፣ ትምህርቴን እቀጥላለሁ ብለን ነበር። እናቴ ሥራውን ስትጠይቀኝ «ስፖርት ያስተምራል» እላታለሁ። እባክዎ ጎልፉን እንዲተው የሚያደርግ ነገር ይጻፉልኝ። ከባለሙያ ሲሰማው ይሻላል።

መልስ፦ እህቴ፣ ደክሞሻል፤ በደንብ ይገባኛል። ያልሽኝን ጽሑፍ ግን አልጽፍልሽም።

ጎልፍ ለማያውቁ አንባቢዎች ልንገራቸው፤ «ካርድ» ማለት በፒጂኤ ቱር፣ ማለትም በአሜሪካ ትልቁ የጎልፍ ውድድር ዙር፣ ለመጫወት የሚያበቃ መብት ነው። በየዓመቱ በየደረጃው ማጣሪያ አለ፤ በመጨረሻው ደረጃ ካርድ የሚያገኙት አምስት ሰዎች ገደማ ናቸው። የሰኞ ማጣሪያ የሚባልም አለ። ብዙ ሰው ይመጣል፤ ለሳምንቱ ውድድር የሚያልፉት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። የቀረው ሻንጣውን ይጭናል።

አሁን ወደ አንቺ። አምና በአንድ ምት፣ ካቻምና በሁለት። በጎልፍ የተሰላቸች ሚስት ይህን ትቆጥራለች? እኔ አይመስለኝም። ለጥቂት መሳት ከሩቅ ከመሳት የበለጠ ሰውን ይይዛል፤ ቁማርን ያጠኑ ባለሙያዎች ደጋግመው ያዩት ነገር ነው። ያቺ አንድ ምት የያዘችው ግን እሱን ብቻ አይደለም። አንቺም ለከርሞ ትያለሽ።

ደብዳቤሽን ሳነብ የቆምኩት «ካርዱን ካገኘ በኋላ» የሚለው ላይ ነው። ከዚያች ቃል በኋላ የደረደርሽው ሁሉ የራስሽ ሕይወት ነው። ልጅ፣ እናት፣ ትምህርት። እስኪ ከሦስቱ የቱ ነው የጎልፍ ካርድ የሚጠይቀው? እናትን ማምጣት የራሱ ወረቀትና ወረፋ አለው። ትምህርቱ የምሽት ፈረቃና ገንዘብ ይነካል፣ ቀላል ነው አልልም። ልጁን በተመለከተ ግን «አሁን እፈልጋለሁ» ብለሽው እንደምታውቂ የሚናገር አንድ መስመር አላገኘሁም። እንዲተው ትፈልጊያለሽ እንጂ ምን እንደምትፈልጊ አልነገርሽውም። ምናልባት (ከተሳሳትኩ ይቅርታ) ካርዱ ላንቺም መሸሸጊያ ሆኗል። እሱ እስካላለፈ ድረስ ትምህርቱን ሞክሮ መውደቅ የለም፤ የልጁም ጥያቄ አይነሳም። አሥር ዓመት ሲፈተን የኖረው እሱ ነው፤ ውጤት ስትጠብቂ የኖርሽው ደግሞ አንቺ።

ለእናትሽ «ስፖርት ያስተምራል» የምትያትም ነገር አለ። ባልሽ ስለ ሪች ቢም ሳይነግርሽ አይቀርም፤ ጎልፉን ትቶ ሞባይልና የመኪና ቴፕ ሲሸጥ ቆይቶ ተመለሰና በ2002 ታይገር ውድስን በአንድ ምት በልጦ ከጎልፍ ትልልቅ ዋንጫዎች አንዱን፣ የፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕን፣ ስለወሰደው። የእንዲህ ዓይነት ሰው ታሪክ ቤት ያፈርሳል ብትይኝ አልከራከርሽም። እኔ ግን ማይክል ብሎክን እወደዋለሁ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ክለብ ላይ ጎልፍ የሚያስተምር ሰው ነው። በ2023 ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ ላይ ገብቶ 15ኛ ደረጃ ተጋርቶ ጨረሰ፤ በመጨረሻው ቀን አንዱን ጉድጓድ በአንድ ምት አስገብቶ ጉድ አሰኘ። ከዚያ ወደ ማስተማሩ ተመለሰ። እናትሽን አፍረሽ የምትነግሪያት ውሸት ለብሎክ እውነተኛ ኑሮው ነው። ባልሽ ያፍርበት አያፍርበት አላውቅም። አንቺ ግን ያፈርሽ ይመስለኛል፤ ይህን እሱ ሳያውቀው ቀርቷል ብለሽ ነው?

በደብዳቤ የምችለው ጥቂት ነው። ከቻልሽ ቀጣዩ ማጣሪያ ሳይደርስ፣ ውጤት ሳይነሳ፣ ስለ ልጁ ብቻ አውሩ። የገንዘቡንም ወሰን ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ በወረቀት ላይ ብታወጡ ጥሩ ነው፤ በአንድ ምሽት ላያልቅ ይችላል። እዚያው አካባቢያችሁ የጋብቻ አማካሪ ፈልጉ። «አልሄድም» ካለ ብቻሽን ጀምሪ። የሌሊት ተረኛ ስለሆንሽ ግን ቀጠሮውን ከእንቅልፍሽ በኋላ፣ ከሰዓት አድርጊው።