ዲኤልኤሉ እዚያው አለ፤ ታዲያ የጠፋው ምኑ ነው?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። በሲ ፕላስ ፕላስ የጻፍከው የፖስትግሬስ ኤክስቴንሽን (ለዳታቤዙ የሚጨመር ተቀጥላ) ላፕቶፕህ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ወደ መሥሪያ ቤቱ ዊንዶውስ ሰርቨር ወስደህ «ክሪኤት ኤክስቴንሽን» ስትለው ግን «ላይብረሪውን መጫን አልተቻለም፣ የተጠቀሰው ሞጁል አልተገኘም» ይልሃል። ፎልደሩን ስትከፍት የኤክስቴንሽንህ ዲኤልኤል፣ ማለትም ፖስትግሬስ የሚጭነው የኮድ ፋይል፣ እዚያው ቁጭ ብሏል።

ይሄ መልእክት ብዙ ሰው አድክሟል። ነገሩ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ስሙን የሚጠራው ያንተን ፋይል ነው፣ የጠፋው ግን ያንተ ፋይል የሚፈልገው ሌላ ዲኤልኤል ነው፣ የትኛው እንደሆነ ደግሞ ዊንዶውስ አይነግርህም። ስለዚህ ደጋግሞ ኮፒ ማድረጉን፣ ፐርሚሽን መነካካቱን፣ ፖስትግሬስን አራግፎ እንደገና መጫኑን ተወው። የ32 እና የ64 ቢት መምታታት ቢሆን ኖሮም መልእክቱ ሌላ ነበር፤ «ትክክለኛ የዊን32 አፕሊኬሽን አይደለም» ይልህ ነበር።

መጀመሪያ ኮዱን እንዴት ቢልድ እንዳደረግከው፣ ማለትም ወደ ዲኤልኤል እንደቀየርከው፣ እይ። ቪዥዋል ስቱዲዮ ላይ ዲበግ (ስህተት ለመፈለግ የሚሆነውን ዓይነት) ብለህ ከሆነ ሌላ ምክንያት አትፈልግ። የዲበግ ራንታይሞቹ (ኮድህ ሲሮጥ የሚፈልጋቸው የማይክሮሶፍት ዲኤልኤሎች)፣ ስማቸው በዲ የሚጨርሰው እነ ቪሲራንታይም140ዲ፣ ቪዥዋል ስቱዲዮ ባለበት ማሽን ላይ ብቻ ነው የሚገኙት። ለሌላ ሰው ማከፋፈሉንም ፈቃዱ አይፈቅድም። ሪሊዝ (ለሌላ ማሽን የሚሰጠውን ዓይነት) አድርገህ እንደገና ቢልድ አድርግ። ከዚያ መደበኛዎቹን ራንታይሞች የሚጭነውን የማይክሮሶፍትን ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብል፣ የ64 ቢቱን፣ ሰርቨሩ ላይ ጫን። ሰርቨሩ ኢንተርኔት ከሌለው በፍላሽ ውሰደው፣ ትንሽ ፋይል ነው።

አሁንም እምቢ ካለ ሌላ ሰው የሠራው ላይብረሪ ተጠቅመሃል ማለት ነው። የጠፋውን ለማግኘት «ዲፔንደንሲስ» የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ክፈትና ዲኤልኤልህን ጎትተህ ጣልበት። ሰርቨሩ ላይ ያልኩህ በምክንያት ነው፤ ላፕቶፕህ ላይ ካየኸው ሁሉም አለ ይልሃል። የድሮውን ዲፔንደንሲ ዎከር ግን አትጠቀም፣ አዲስ ዊንዶውስ ላይ በኤፒአይ-ኤምኤስ-ዊን የሚጀምሩ ፋይሎችን በሙሉ ጠፉ እያለ በከንቱ ያስደነግጥሃል።

እኔ ግን ከሁሉም የማምነው ፕሮሰስ ሞኒተርን ነው፤ ፕሮግራሞች የትኛውን ፋይል የት እንደሚፈልጉ የሚያሳይ የማይክሮሶፍት መሣሪያ ነው። ፊልተሩ ላይ የፕሮሰሱን ስም ፖስትግሬስ ኢኤክስኢ፣ ውጤቱን «ኔም ኖት ፋውንድ» አድርገህ ትዕዛዙን እንደገና ስጥ። አንድ ደንበኛ ጋ ያየሁትን ልንገርህ። ሊብከርል የሚል አንድ ስም መስመር በመስመር ይደጋገማል፤ መጀመሪያ የፖስትግሬስ ቢን ፎልደር ውስጥ ፈለገው፣ ሲስተም32 ውስጥ ፈለገው፣ ዊንዶውስ ውስጥ፣ ዳታ ፎልደሩ ውስጥ ሳይቀር፣ ከዚያ ፓዝ (ዊንዶውስ ፋይል የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ላይ ያሉትን ፎልደሮች አንድ በአንድ፣ ሁሉም ቦታ የለም። ኤክስቴንሽኑ በጻፈው ልጅ ላፕቶፕ ላይ ሊሠራ የቻለው፣ ሌላ ፕሮግራም ሲጫን ያንኑ ዲኤልኤል ይዞ ገብቶ፣ ፎልደሩንም ፓዝ ላይ ጨምሮ ስለነበር ነው።

ያቺ የፍለጋ ቅደም ተከተል ሌላም ነገር ትነግርሃለች። ኤክስቴንሽንህ ያለው ሊብ ፎልደር ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ሰው ሁሉ ተጨማሪዎቹን ዲኤልኤሎች እዚያው ጎኑ ያስቀምጣቸዋል። ዊንዶውስ ግን እዚያ አይፈልጋቸውም። የሚፈልገው ፖስትግሬስ ኢኤክስኢ ያለበት ቢን ውስጥ ነው፣ እዚያ አስቀምጣቸው። አደራ፣ ቢን ውስጥ ፖስትግሬስ ራሱ የሚጠቀምባቸው እነ ኦፕን ኤስኤስኤል አሉ፤ ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ካለህ እንዳትደርብበት፣ ዳታቤዙ ራሱ አልነሳም ሊልህ ይችላል። ሲስተም32 ውስጥ መወርወርን ደግሞ ጭራሽ አታስበው።

ፓዝ እጨምራለሁ ካልክ ያንተን ዩዘር ፓዝ ሳይሆን የሲስተሙን ነው፣ ምክንያቱም ሰርቪሱ የሚሮጠው በራሱ አካውንት ነው እንጂ ባንተ አይደለም። ሰርቪሱን ሪስታርት አድርገህ ካልታየው ማሽኑን ራሱን ሪስታርት አድርገው።

እውነቱን ለመናገር እኔ አሁን ይሄን ሁሉ የማልፈው በስታቲክ ሊንክ ነው። ቪሲፒኬጂ የሚባለውን የማይክሮሶፍት የላይብረሪ ማምጫ የምትጠቀም ከሆነ «ኤክስ64-ዊንዶውስ-ስታቲክ-ኤምዲ» የሚለውን ትሪፕሌት (የቢልድ ዓይነት መምረጫ) ምረጥ። የሌሎቹ ላይብረሪዎች ኮድ ያንተው ዲኤልኤል ውስጥ ይገባል፣ ራንታይሙ ብቻ ውጭ ይቀራል። ፋይሉ ይወፍራል፣ ይወፍር።

ከስር ሊኑክስ ላይስ ብሎ ለጠየቀው ወንድም፦ እዚያ ይሻላል፣ የጠፋውን ላይብረሪ በስሙ ይነግርሃል። ኤልዲዲ የሚለውን ትዕዛዝ ኤስኦ ፋይሉ (የሊኑክሱ ዲኤልኤል) ላይ አስኪድና «ኖት ፋውንድ» ያለውን ጫን። ላይብረሪ የሚፈለግባቸውን ፎልደሮች የሚይዘውን ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝን ተርሚናልህ ላይ ብታስተካክል ሲስተምዲ (የሊኑክስ ሰርቪስ አስነሺ) ያስነሳው ፖስትግሬስ አያየውም፣ ስለዚህ ለመላው ማሽን የሚሠራውን ኤልዲኮንፊግን ተጠቀም። ጂሊብሲ (የሊኑክስ መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ) የሚፈለገው ቨርዥን የለውም ካለህ ግን ምንም ብትጭን አይፈታም። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ቢልድ አድርገህ 20.04 ላይ ስትወስደው የሚመጣ ነው፣ የመጀመሪያው 2.35 ሲይዝ ሁለተኛው 2.31 ነው። አሮጌው ላይ ቢልድ አድርግ፣ አዲሱ ላይም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራልሃል።

«ኢንኮምፓቲብል ላይብረሪ» ካለህ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ለፖስትግሬስ 16 የተሠራውን 15 ላይ ወስደኸዋል ማለት ነው። ለየዋናው ቨርዥን ለየብቻው ቢልድ ማድረግ ግድ ነው።

ካልሆነልህ የፕሮሰስ ሞኒተሩን ስክሪንሾት ለጥፈው፣ የፖስትግሬስህን ቨርዥንም ጻፍ።