ልጄ የምታነበው መጽሐፍ ውስጥ ያለችው እናት እኔን መሰለችኝ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ፣

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ማታ ማታ ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ። የ15 ዓመት ልጅ አለችኝ። ከስንት ዓመት ደጅ ጥናት በኋላ ለአርሴማ ተስዬ ያገኘኋት አንድ ልጄ ናት።

እስካለፈው ዓመት ድረስ ሰንበት ትምህርት ቤት በደስታ ነበር የምትሄደው። ነጠላዋን ራሷ አጥባ ራሷ ታጣጥፍ ነበር። አሁን እሁድ በደረሰ ቁጥር ሆዷን ያማታል። ስናገራት «እሺ» ትልና ክፍሏን ትዘጋለች። አንድ ማስታወሻ ደብተር አላት፤ ስትተኛ እንኳ ትራሷ ሥር ነው የምታደርገው።

በቀደም ከትምህርት ቤት አንብቡ ተብላ አንድ መጽሐፍ ይዛ መጣች። ዘ ፖየት ኤክስ ይባላል። ሶፋ ላይ ጥላው ስትሄድ አነሳሁት። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ያህል ነው፤ ግን መጽሐፉ በግጥም መልክ አጭር አጭር ስለሆነ ገፋሁበት። እናትየዋ ልጅቷ ከወንድ ልጅ ጋር ስትሳሳም አይታ፣ ሩዝ በትና በጉልበቷ አንበረከከቻትና በእመቤታችን ሥዕል ፊት አስጸለየቻት። ኋላ ደግሞ የግጥም ደብተሯን አገኘችና አቃጠለችው። ከዚያ በላይ ማንበብ አልቻልኩም። ቢሮ እያጸዳች ልጆቿን የምታሳድግ፣ ሃይማኖቷን የምትጠብቅ ሴት እንደ አውሬ ተደርጋ ተሥላለች። እኔስ በልጄ ዓይን እንደዚህ ነኝ?

መጽሐፉን የክረምት ልብስ ያለበት ሻንጣ ውስጥ ደበቅኩት። ስታጣው ገባት። «የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው» ብላኝ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በቀር አታናግረኝም። ባለቤቴ «ተያት፣ ልጅነት ነው፣ ያልፍላታል» ብሎ ኳሱን ያያል።

ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ልጻፍ? የዚህ ዘመን የወጣቶች ልብ ወለድ ሁሉ ልጅን በወላጅ ላይ የሚያስነሳ ነው? አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅዎ፦ የእሷን ደብተር ከፍቼ ባየው ምን አለበት? እናት አይደለሁም እንዴ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

እህቴ፣ በመጀመሪያ ሻንጣውን ይክፈቱና መጽሐፉን ይመልሱላት። ምክንያቱን እዘረዝራለሁ፤ ግን እሱን እስኪያነቡ እንኳ ባይቆይ እመርጣለሁ።

መጽሐፉን አውቀዋለሁ። ኤሊዛቤት አሴቬዶ ጽፋው በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በዚያው ዓመትም በወጣቶች ሥነ ጽሑፍ ዘርፍ የአሜሪካን ናሽናል ቡክ አዋርድ ያገኘ ነው። ታሪኩ ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ ነው፤ ቤተሰቡ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጣ ካቶሊክ ነው። እርስዎ የዘጉት ደብተሩ ሲቃጠል ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ባለማንበብዎ አዝኛለሁ፤ ለእናቶች የሚሆነው ክፍል እሱ ነበር።

እስቲ ያችን እናት እንያት። በልጅነቷ መመንኮስ ነበር ምኞቷ። ቤተሰቦቿ ግን ወደ አሜሪካ ሊያሻግራት ለሚችል ሰው ዳሯት። ባልየው ሴት አሳዳጅ ሆነባት። ልጅ ሳትወልድ ብዙ ጊዜ ከቆየች በኋላ፣ ተስፋ በቆረጠችበት ዕድሜ፣ መንታ ሰጣት፤ የመጽሐፉን ባለታሪክ ሲዮማራንና ወንድሟን። ይህ ለእሷ ተአምር ነው። ተአምር የተደረገለት ሰው ደግሞ ውለታ አለበት፤ እሷም ውለታዋን ለመመለስ የቆረጠችው በሴት ልጇ በኩል ነው። ሲዮማራ በነሱ ደንብ ልጅ ካደገ በኋላ የሚፈጸመውን የሜሮንን ምሥጢር ለመቀበል የሚሰጠውን ትምህርት ተምራ መጨረስ አለባት። ልጅቷ በዚያው ሰዓት ወደ ግጥም ክበብ ስትሾልክ እናትየው የሚታያት እንደ ተራ ቅጥፈት አይደለም፤ ለፈጣሪ የገባችውን ቃል ልጇ ያፈረሰችባት ያህል ነው።

«ለአርሴማ ተስዬ» ያሉትን ቃል ሳነብ ለምን ቆም እንዳልኩ ይገባዎታል ብዬ አምናለሁ።

ይህ የፈረንጅ ልጆች መጽሐፍ ያመጣው ነገር እንዳይመስልዎ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ የበዛብህ ጣጣ ከየት ይጀምራል? እናትና አባቱ ለቤተ ክርስቲያን በስለት የሰጡት ልጅ ነው። ስለቱን የተሳለው እሱ አይደለም፤ ተሸክሞት የሚኖረው ግን እሱ ነው። ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ከፊታውራሪ መሸሻ ጋር ከመጋጨቱ አስቀድሞ የተጋጨው ከራሱ ጋር ነው። ወላጆቹን ይወዳል፣ ስለቱን ይፈራል፣ ልቡ ደግሞ ሌላ ቦታ ሄዷል። እኛ ያንን መጽሐፍ በሬዲዮ እየሰማን ስናለቅስ «ይህ ልጅ ወላጁን አዋረደ» ያለ ሰው አላስታውስም። ልጁ ባላገር ሲሆንና ድርሰቱ በአማርኛ ሲሆን ይገባናል፤ ልጅቷ ሃርለም ስትሆን ግን ሥነ ምግባር የጎደላት ትመስለናለች።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። እነዚህ መጻሕፍት ልጅን በወላጅ ላይ ያስነሳሉ ወይ? ደካሞቹን ይተዋቸው። በነሱ ውስጥ ወላጅ ወይ ሞቷል፣ ወይ ተፋቷል፣ ወይ ሥራ ላይ ነው፤ ልጁ እንደ ልቡ እንዲፈነጭ ደራሲው ከመንገድ ዞር አድርጎታል። ቤት ውስጥ የተገኘ ወላጅ ካለ ደግሞ ሥራው መጮህ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅዎ ብትተወው እኔም አይቆጨኝም። ጥሩዎቹ ግን ጠቡን የሚጀምሩት ከልጁ ውስጥ ነው። ሲዮማራ ገና እናቷ ጋር ሳትጋጭ የምትፈራቸው ነገሮች አሏት፦ በድንገት ያደገው ሰውነቷና በየመንገዱ የሚከተለው ዓይን፣ ስትጸልይ የሚሰማት ባዶነት፣ የምትወደው ልጅ። እነዚህን ለማን ትናገር? ውጭ ሰው ሲነካት በቡጢ ትመልሳለች፤ ቤት ዝም ትላለች። የቀራት ደብተሩ ነው። ስለዚህ ደብተሩ ሲቃጠል የተቃጠለው ወረቀት ብቻ እንዳልሆነ አንባቢው ያውቃል፤ እናትየው ግን አታውቅም። ከመጽሐፉ ሁሉ አሳዛኙ ነገር ለእኔ ይህ አለማወቋ ነው።

ሌላም ልብ ያላሉት ነገር አለ። ያችን እናት ያየናት በልጅቷ ዓይን ብቻ ነው። በእንዲህ ዓይነት መጻሕፍት የሚተርከው ብዙ ጊዜ ልጁ ራሱ ነው፤ «እኔ» እያለ ነው የሚያወራው። የተቆጣ ልጅ ስለ እናቱ ሲያወራ ሙሉ እውነት ይናገራል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ጎበዝ ደራሲ ግን ልጁ የማያስተውለውን ለእኛ ያሾልክልናል። የእናትየዋ የምንኩስና ምኞት፣ ቢሮ ስታጸዳ ውላ መምጣቷ፣ እነዚህን አሴቬዶ ያስገባቻቸው በከንቱ አይደለም።

በዚህ በኩል የምወደው የቆየ መጽሐፍ አለ፤ ዚ አውትሳይደርስ። ኤስ. ኢ. ሂንተን መጻፍ የጀመረችው በ15 ዓመቷ ነው፤ በልጅዎ ዕድሜ ማለት ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ሲታተም 18 ነበረች። ሦስት ወንድማማቾች እናትና አባታቸውን በመኪና አደጋ አጥተው ለብቻቸው ይኖራሉ። የ20 ዓመቱ ዳሪ ሌሎቹን ለማሳደግ ትምህርቱን ትቶ ጉልበት ሥራ ገብቷል። የ14 ዓመቱ ፖኒቦይ «ይህ ሰው ይጠላኛል» ብሎ ቆርጧል፤ ምክንያቱም ዳሪ የሚያውቀው መቆጣት ብቻ ነው። አንድ ሌሊት ልጁ አምሽቶ ይገባል፣ ዳሪ በጥፊ ይመታዋል፣ ልጁ ከቤት ይጠፋል፣ ከዚያ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። በመጨረሻ ሆስፒታል ሲገናኙ ዳሪ ያለቅሳል። ልጁ ያን ጊዜ ነው የሚገባው፦ ወላጆቹን በአንድ ቀን ያጣ ሰው ሌላ ሰው እንዳያጣ ሲፈራ ኖሯል፤ ፍርሃቱም የሚወጣው በቁጣ መልክ ነው። መካከለኛው ወንድም ሶዳፖፕ ደግሞ ሁለቱ ወዲያና ወዲህ ሲጎትቱት ከርሞ አንድ ቀን በሩን በርግዶ ይወጣል። በቤተሰብ ጠብ ዝም ብሎ የሚያስታርቀው ልጅ ምን እንደሚደርስበት እንዲህ አድርጎ ያሳየኝ መጽሐፍ ብዙ አላውቅም።

ልጅዎ የአገሯ ልጅ ያለበት ከፈለገች የቤንጃሚን ዘፋንያ ሬፊውጂ ቦይ አለ፤ የ2001 እ.ኤ.አ. ነው። አባቱ ኢትዮጵያዊ እናቱ ኤርትራዊት የሆነው የ14 ዓመቱ ዓለም፣ በሁለቱ አገሮች ጦርነት ጊዜ አባቱ ለሽርሽር ብሎ እንግሊዝ ይወስደውና ደብዳቤ ጽፎለት ሆቴል ውስጥ ጥሎት ይመለሳል። ልጁን ለማትረፍ ነው። ግን ጠዋት ተነስቶ አባቱን ያጣ ልጅ ሁለቱን ስሜት፣ መወደዱንና መጣሉን፣ አንድ ላይ የት ያስቀምጣቸው? አብራችሁ ብታነቡት እላለሁ፤ ልብ የሚሰብር መሆኑን ግን አስቀድሜ ልንገርዎ።

አሁን እርስዎ ያላነበቡትን መጨረሻ። ደብተሩ ከተቃጠለ በኋላ ሲዮማራ ከቤት ትወጣለች፤ ግን ትመለሳለች። መምህሯ ከእናትሽ ጋር መነጋገር አለብሽ ትላታለች። ልጅቷም የደብሩ ቄስ በተገኙበት ከእናቷ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ ትነጋገራለች። ልብ ይበሉ፦ ቤተ ክርስቲያኗ ለእናትየው ወግና ልጅቷን አልቀጣችም፤ ልጅቷም ቤተ ክርስቲያኗን ረግማ አልሄደችም። በመጨረሻ ግጥሟን መድረክ ላይ ስታቀርብ ቤተሰቧ ቁጭ ብሎ ይሰማታል። ሁሉ ነገር ተፈታ አይልም መጽሐፉ። መነጋገር ጀመሩ፣ እሱ ነው ያለው።

ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ ምንም አይጻፉ። መጻፍዎ ክፍል ውስጥ ከታወቀ የሚያፍሩት እርስዎ አይደሉም፣ እሷ ናት።

ደብተሩን በተመለከተ፣ አይክፈቱት። እናት መሆንዎን ማን ካደ? ያነበቡት መጽሐፍ ግን ይህንኑ ነው ያሳየዎት፤ ያቺ እናት ደብተሩን ገልጣ ስለ ልጇ ያወቀችው ነገር አንድም አልጠቀማትም። ልጅቷ ምግብ ካቆመች፣ እንቅልፍ ካጣች፣ ሰውነቷን የመጉዳት ምልክት ካዩባት ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ያን ጊዜም ደብተር መበርበሩን ትተው የሕፃናት ሐኪሟን ወይም የትምህርት ቤቱን አማካሪ ያነጋግሩ፤ ሌሊት ከሆነና ከፈሩ ራስን ለመጉዳት ለሚያስብ ሰውና ለቤተሰቡ እርዳታ የሚሰጠውን የአሜሪካ ስልክ፣ 988፣ መደወል ይቻላል።

መጽሐፉን ሲመልሱላት ምን ይበሉ? ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም። «ሳልጠይቅሽ ወሰድኩብሽ፣ አጥፍቻለሁ» ይበቃል። ቀጥለው መጨረሻውን እርስዎም ሊያነቡት እንደሚፈልጉ ይንገሯት፤ የከበደዎትን ገጽ እሷ ታስረዳዎት። ከዚያ ስለ ሲዮማራ ይጠይቋት፣ ስለ ራሷ አይጠይቋት። «እሷ ለምን ለእናቷ አልነገረቻትም?» ቢሏት የምትመልሰውን ያዳምጡ። የ15 ዓመት ልጅ ስለ ሌላ ሰው እያወራች ስለ ራሷ ብዙ ትላለች። «አንቺስ?» ብለው ወዲያው ከጠመዘዙባት ግን በሩ ይዘጋል፤ ይህን ጥያቄ እሷ እስክታነሳው ይታገሡ።

የእሁዱን ነገር ዛሬ ካልፈታሁ አይበሉ። የንስሐ አባታችሁን ማማከር መልካም ነው፤ ግን ሳትሰማ ቤት አምጥተው እንዳያስመክሯት። «ከአባ ጋር ለመነጋገር ትፈቅጃለሽ?» ብለው ጠይቀው እምቢ ካለች እምቢታዋን ይቀበሉ። ምናልባት ቅዳሴው ላይ ቅሬታ ኖሯት ይሆናል፤ ከእኩዮቿ አንዷ ተናግራት ይሆናል፤ ወይም ሲዮማራ እንደምትለው ስትጸልይ የሚሰማት ጠፍቶባት ይሆናል። ሦስቱ ሦስት መልስ ይፈልጋሉ፤ እርስዎ እስካሁን የትኛው እንደሆነ አያውቁም።

ባለቤትዎን ሳልነካ ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ግን መጽሐፉ ራሱ አይፈቅድልኝም። የሲዮማራ አባት ቤት ውስጥ አለ። ደመወዙን ያመጣል፣ ራት ይበላል፣ ሩዙ ላይ ስትንበረከክም አለ። ልጅቷ የምትለው ግን አብሮ መኖርና አባት መሆን አንድ እንዳልሆኑ ነው። እርስዎ ማታ ሥራ ሲገቡ ልጅዎ ጋር የሚቀሩት እሳቸው ናቸው። ጨዋታው ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ያንን ክፍል እንዲያነቡ ይስጧቸው።