አጥሩን በነፃ ሲሠሩልዎ ምን ላይ ፈረሙ?

ከየካ የጻፉልን እህታችን ጉዳይ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ከጎናቸው አንድ ሪልስቴት ባለ 9 ፎቅ አፓርታማ ጀምሯል፣ በቁፋሮው የሰርቪስ ቤታቸው ግድግዳ ተሰነጠቀ፣ ወረዳ ሄደው ሲናገሩ "ፈቃድ አለው" ተብለው ተመለሱ። ፈቃዱን ማሰረዝ እችላለሁ ወይ ነው የሚሉት። መሀል ላይ ደሞ "መጀመሪያ ጥሩ ሰዎች ነበሩ፣ የቆርቆሮ አጥራችንን አፍርሰው በብሎኬት ሠርተውልናል" ብለዋል።

እህቴ፣ እኔን ያሳሰበችኝ ይቺ የአጥሯ ነገር ናት። በራሱ ወጪ አጥር የሚሠራልዎ ኩባንያ ባዶ እጁን አይመጣም፣ የሚፈረም ወረቀት ይዞ ነው የሚመጣው። እርስዎ ወይ ባለቤትዎ ፈርማችኋል አይደል? እየተቆጣሁ አይደለም፣ ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ለጠበቃ ይሄ አይደበቅም።

ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት እዚህ ጋ ነው። ወረቀቱ ከላይ ስለ አጥር ያወራል፣ ወረድ ሲሉ "ለሚካሄደው ግንባታ ተቃውሞ የለኝም፣ ወደፊትም ጥያቄ አላነሳም" የምትል መስመር ትገባለች፣ ሰው ቡና እያፈላ ቆሞ ይፈርማል፣ ኮፒ እንኳን አይቀበልም። ወረቀቷ ግን ግንባታ ፈቃድ ፋይል ውስጥ ገብታ ትቀመጣለች፣ እርስዎ ሊቃወሙ ሲሄዱ የራስዎ ፊርማ ይወጣልዎታል። ፈረሙ ማለት ግን ሁሉም አለቀ ማለት አይደለም። ለግንባታ መስማማት ቤቴ ይሰንጠቅ ብሎ መስማማት አይደለም፣ ተታለው ፈርመው ከሆነም ውል የማፍረስ ክስ አለ፣ እሱም የ2 ዓመት ገደብ አለው (ፍትሐ ብሔር 1810)። ብቻ ወረቀቷን ሳላይ ምንም ልልዎት አልችልም፣ ሌላም ጠበቃ ሳያያት እርግጠኛ ሆኖ ካወራልዎ አይመኑት። ስለዚህ መጀመሪያ የወረቀቷን ኮፒ፣ የፕላን ስምምነቱን (ግንባታው ከከተማው ፕላን ጋር ይስማማል ተብሎ የተሰጠውን ወረቀት) እና የግንባታ ፈቃዱን በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አድርገው በእርስዎ ኮፒ ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ማህተም ያስደርጉ። "ሄጄ ነግሬያቸው ነበር" ፍርድ ቤት አይሠራም።

ሕጉን ባጭሩ፣ ፈቃዱና ጉዳቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በፈቃዱ ላይ ቅሬታ ለሰጪው ቢሮ ነው መጀመሪያ የሚቀርበው፣ በአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012 መሠረት ምክንያቱ የተገለጸበት የጽሑፍ ውሳኔ መጠየቅ ይችላሉ፣ የቢሮውን የቅሬታ መንገድ ሳይጨርሱ ፍርድ ቤት ቢሄዱ ይመለሳሉ። ጊዜው አጭር ስለሆነ አይዘግዩ። ለጉዳቱ ካሳም ሆነ ሁከት ይወገድልኝ (ይዞታዬን መረበሽ ይቁምልኝ) የሚለው ክስ የጊዜ ገደቡ 2 ዓመት ነው (ፍትሐ ብሔር 2143፣ 1149)፣ ሥራው እንዲቆም ጊዜያዊ እግድም ይጠየቃል። የትኛው ፍርድ ቤት የሚለውን ጠበቃ ይወስንልዎ፣ ከተማ ነክ እና ፌዴራል እየተምታታ ብዙ ሰው ወራት ያቃጥላል።

ሌላም ያላነሱት አለ። ሰርቪሷ ካርታዎና ፕላንዎ ላይ አለች? ያለፈቃድ የተሠራች ከሆነች አቤቱታዎ ተቆጣጣሪውን ወደ እርስዎ ግቢም ሊያመጣ ይችላልና ካርታውን ይዘው ጠበቃ ያማክሩ፣ ከዛ ይጻፉ።

እስከዚያው የስንጥቁን ሁለቱንም ጫፍ በእርሳስ ምልክት ያድርጉና ቀን ይጻፉበት፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ጂፕሰም ይለጥፉ፣ ከተሰበረ ግድግዳው እየሄደ ነው ማለት ነው። በየሳምንቱ ፎቶ ያንሱት፣ ፈቃድ ያለው ኢንጂነርም አይቶ በጽሑፍ ሪፖርት ይስጥዎ። እዛች ሰርቪስ ውስጥ የሚያድር ሰው ካለ ግን ሪፖርቱን አይጠብቁ፣ ዛሬ ማታ ሌላ ክፍል ይደር።