የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከተጀመረ በኋላ ሴረሙ ይሰጣል ወይ?

«ዓባይ ማዶ የመንደር ውሻ የ4 ዓመት ልጄን ጉንጩንና እጁን ነከሰው። ክትባቱ በዚያው ቀን ተጀመረለት፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚሉት ግን ስላልነበረ አልተሰጠውም። አሁን ዘመድ ከአዲስ አበባ ሊልክልኝ ነው። ጊዜው አልፏል? ክትባቱስ ብቻውን አይበቃም?» ላልሽው፦

እታለም፣ አላለፈም። ሴረሙ (ኢሚዩኖግሎቡሊን ያልሽው ማለት ነው) ከመጀመሪያው ክትባት አንስቶ እስከ 7ኛው ቀን ድረስ ይሰጣል። ቆጠራው የሚጀምረው ከተከተበበት ቀን ነው፤ የተነከሰበት ቀን እዚህ ላይ አይታይም። ከ7 ቀን ወዲያ የልጁ ሰውነት በክትባቱ ምክንያት የራሱን አንቲቦዲ (ቫይረሱን የሚይዝ መከላከያ) መሥራት ስለሚጀምር ከውጭ የሚመጣው አይጠቅመውም፤ እንዲያውም የራሱን ሥራ ሊያደክምበት ይችላል። አራት ቀን አለሽ፣ ግን እስኪያልቅ አትጠብቂ።

ክትባቱ ብቻውን የማይበቃው ሰውነት አንቲቦዲ እስኪሠራ ሳምንት ከዚያም በላይ ስለሚፈጅበት ነው። ቫይረሱ በዚህ መሀል ቁስሉ አጠገብ ያለ ነርቭ ካገኘ ይዞት ወደ አንጎል ይወጣል። እጅ ነርቭ የበዛበት ነው፤ ጉንጭ ደግሞ ለአንጎል ቅርብ ነው። ሴረም ማለት ተሠርቶ ያለቀ አንቲቦዲ ነው፤ ቫይረሱን ገና ቁስሉ ውስጥ እያለ ይይዘዋል። አንዴ ውሃ መፍራትና መቃዠት ከጀመረ ግን ሴረሙም ክትባቱም አያድንም።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የት ይወጋ የሚለው ነው። መልሱ ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ነው። መቀመጫ ላይ ከተወጋ ገንዘቡም መድኃኒቱም ባከነ በይ። የተረፈውን ጭን ላይ መውጋት የቆየ ልማድ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ይህን ትቶታል፣ ከቁስሉ ርቆ የሚገባው ጥቅሙ ኢምንት ስለሆነ።

መጠኑ በኪሎ ነው፤ ልጁን ዛሬውኑ አስመዝኚው። ከሰው ደም የሚሠራው 20 ዩኒት በኪሎ፣ ከፈረስ የሚሠራው 40 ዩኒት በኪሎ ነው። 15 ኪሎ ቢመዝን ከሰው የሆነው 300 ዩኒት፣ ከፈረስ የሆነው 600 ዩኒት ይሆናል። በሚሊ ሊትር ስንት እንደሆነ ብልቃጡ ላይ ያለውን ጥንካሬ ሳያነቡ አይነገርም፤ 150 ዩኒት በሚሊ ሊትር የሆነው የሰው ሴረም ለዚህ ልጅ 2 ሚሊ ሊትር ነው፣ 300 የሆነው ግን 1 ብቻ። ከዚህ በላይ መጨመር «ይጠናከርለት» ተብሎ የሚደረግ ስሕተት ነው፤ ክትባቱን ያዳክማል። ዘመድሽ የሚልከው ራቢሺልድ የተባለው የሕንድ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ (በላቦራቶሪ የሚሠራ አንቲቦዲ) ከሆነ ስሌቱ ሌላ ነው፦ 3.33 ዩኒት በኪሎ።

ሲሰጥ አጠገቡ ሁኚና ተመልከቺ። ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ታጥቦ አዮዲን ይቀባል (በመጀመሪያው ቀን በደንብ ካልታጠበ አሁንም ይታጠብ)። ከዚያ በቀጭን መርፌ ከየጥርሱ ምልክት ሥርና ዳር ይገባል። ሴረሙ ሳይነካው የቀረ አንድ ትንሽ ቁስል ብቻውን በሽታውን ሊያስገባ ይችላል፤ ስለዚህ በፀጉሩ ውስጥ፣ ከጆሮው ኋላ፣ በጣቶቹ መሀል ፈልጉ። ቆዳው ገጥሞ የዳነ የሚመስለውም ይወጋል። ቁስሉ ብዙ ሆኖ ሴረሙ ካነሰ በኖርማል ሳላይን (ለመርፌ የሚሆን ንጹሕ የጨው ውሃ) ይቀጠናል። ጣት ላይ ግን በዝግታና በጥቂቱ፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ብዙ ፈሳሽ ከገባ የደም ዝውውሩን ያፍናል። መሰፋት ካለበት ከሴረሙ በኋላ ነው፣ ያውም ላላ ተደርጎ። ክትባቱና ሴረሙ በአንድ ሲሪንጅ አይቀላቀሉም፣ አንድ ቦታም አይወጉም፤ የተነከሰው ቀኝ እጁ ከሆነ ክትባቱ ግራ ክንዱ ላይ ይሁን።

የፈረስ ከሆነ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል የሚሰጠው አድሬናሊን (ከባድ አለርጂን የሚያበርደው መድኃኒት) ባለበት ቦታ ብቻ ነው፤ ከተወጋ በኋላም አንድ ሰዓት ያህል እዚያው ቆዩ። በቆዳ ላይ የሚደረገው ሙከራ ማን አለርጂ እንደሚነሳበት አስቀድሞ አይናገርም። ከሳምንት በኋላ ትኩሳት፣ ሽፍታና የመገጣጠሚያ ሕመም ቢመጣ የሴረሙ ውጤት ሊሆን ይችላልና አሳዪው፤ ክትባቱን ግን አታቋርጪ።

አሁን ስለ መላኩ። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት። በአውቶቡስ ሲመጣ ብልቃጡ በረዶውን እንዳይነካ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ አንዴ በረዶ ሆኖ ከረጋ አይሠራም። ቤት ውስጥ በረዶ የሚሠራው የፍሪጁ ክፍል (ፍሪዘሩ) አይሆንም። የሚገዛው ሰው ደግሞ አይሳሳት፦ የእብድ ውሻ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ ዱቄትና ማሟሟያ ሆኖ ይመጣል፣ ሴረሙ ፈሳሽ ነው። ቲ.ኤ.ቲ. የቴታነስ ሴረም ነው፤ «ሴረም ተወግቷል» ተብሎ በዚያ የተሸወደ ሰው አይጠፋም። ከመግዛትሽ በፊት ግን እዚያው ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ሴረሙ እንዳላቸው ጠይቂ፣ የሚወጋው ባለሙያም ቁስል ውስጥ መስጠት የሚያውቅ መሆኑን አረጋግጪ።

የቀሩትን ክትባቶች በካርዱ ላይ እዪ። በጡንቻ የሚሰጠው የተለመደው ቀጠሮ 0፣ 3፣ 7 እና ከ14 እስከ 28 ባለው አንድ ቀን ነው፤ ዜሮ የሚባለው የመጀመሪያው ቀን ነው። ኅዳር 3 ከጀመረ ኅዳር 6፣ ኅዳር 10፣ ኅዳር 17 ማለት ነው። ካርዱ በፈረንጅ ቀን ከተጻፈ አስገልብጪው፤ ብዙ ሰው የሚያመልጠው በዚህ ነው። አንድ ቀን ካለፈው ከቆመበት ይቀጥላል፣ ከእንደገና አይጀመርም። ዘጌ ወይም ደሴት ወስዳችሁ ጠበል ልታስጠምቁት ካሰባችሁ ቀጠሮው በማይውልበት ቀን ይሁን፤ ጀልባ ቀረ ተብሎ 7ኛው ቀን እንዳያልፍ።

ውሻው ከተያዘ አትግደሉት፣ አስራችሁ 10 ቀን ጠብቁት። በ10ኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ የቀረው ክትባት ሊቆም ይችላል፤ እስከዚያ ግን ልጁ በቀጠሮው ይቀጥል። ከሞተ ወይም ከጠፋ እንደታመመ ይቆጠራል።