ብርቅ በሽታ ፍለጋ አዲስ አበባ መቅረት የለብሽም

ጤና መኮንን ሆነሽ ልትመረቂ ነው። ልብሽ ያለው ብዙም ያልተጠኑ በሽታዎች ላይ ነው፤ ዕጣሽ ግን ምሥራቅ ጎጃም፣ ገጠር ጤና ጣቢያ ወጣ። «ጉንፋንና ተቅማጥ ሳክም እዚያው ልቀር ነው፤ ትቼው አዲስ አበባ ሥራ ልፈልግ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል።

እህቴ፣ እኔ ሂጂ ነው የምልሽ። ምክንያቴ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባል እግር የሚያሳብጥ በሽታ ነው። በሌላው ዓለም ብዙ ሐኪም በዓይኑ አይቶት አያውቅም። እኛ አገር ግን ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው እንደያዘ ይገመታል፤ ምሥራቅ ጎጃምም በብዛት ከሚታይባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው።

ሰዉ ዝሆኔ ይለዋል። ዝሆኔ የሚባለው ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱን የሚያመጣው በትንኝ የሚተላለፍ ትል ነው፤ ቆላ ላይ ይበዛል፣ ብሽሽት አካባቢንም ያሳብጣል። ፖዶኮኒዮሲስ ግን ትል የለውም። ሰው በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ ሲሠራ ደቃቁ ብናኝ በቆዳው ይገባና የሊምፍ ቧንቧዎቹን (ከሰውነት የተረፈውን ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች) ይጎዳል። እብጠቱ ከታች ከእግር ይጀምራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት አያልፍም። ስለዚህ በሽተኛው ጫማውን ያውልቅ፤ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር እዪ።

ተጋላጭነቱ በዘር ስለሚወረስ ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ሊይዝ ይችላል። ጎረቤት ደግሞ «ይጋባል» ብሎ ከጋብቻም ከዕድርም ያገላቸዋል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም! ቁጭ ብለሽ ለቤተሰቡ አስረጂ።

ሕክምናው በየቀኑ በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። እዚያው ምሥራቅ ጎጃም ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ይህ ቀላል እንክብካቤ በትኩሳትና በሕመም አልጋ ላይ የሚጥለውን ማገርሸት እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ጉንፋንሽንም አትናቂው። ከጉሮሮ ሕመሞች መሃል ፔኒሲሊን የሚያስፈልገውን ካለፍሽው፣ የልጅ ልብ ሊያበላሽ ይችላል።

ወደ ሙያሽ ስንመለስ፣ መዝገብ ያዢ። እብጠቱ መቼ ጀመረ? በወር ስንት ቀን ከሥራ ያስቀራል? መታጠብ ከጀመረ ወዲህስ? ነገ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው አክሊሉ ለማ የምርምር ኢንስቲትዩት ለመማር ወይም አርማወር ሐንሰን የሕክምና ምርምር ተቋም ለመቀጠር ስታመለክቺ፣ በእጅሽ ስላከምሻቸው ሰዎች የምታወሪው ይኖርሻል።

እዚያ እንደደረስሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹን አነጋግሪ። እግሩ አብጦ በኀፍረት ከቤት የማይወጣው ማን እንደሆነ ያውቃሉ። ጤና ጣቢያ እስኪመጣ አትጠብቂ፤ አብረሻቸው ቤቱ ሂጂ።