ዳኑብ፦ አንድ ወንዝ፣ ብዙ ስም

ጥያቄ፦ ልጄ ለጂኦግራፊ የቤት ሥራው የአውሮፓን ወንዞች ሲፈልግ አንዱ ካርታ ዳኑብ፣ ሌላው ዶናው፣ ሦስተኛው ዱና ይላል። ሦስት ወንዞች ናቸው? ርዝመቱስ ለምን ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ወንዙ አንድ ነው። ከጀርመን እስከ ጥቁር ባሕር 10 አገሮችን ስለሚያቋርጥ ወይም ስለሚያዋስን በየደረሰበት ቋንቋ ይጠራል፤ በጀርመንና በኦስትሪያ ዶናው፣ በስሎቫኪያ ዱናይ፣ በሀንጋሪ ዱና፣ በሰርቢያና በቡልጋሪያ ዱናቭ። ዓባይስ ሱዳን ሲገባ ባሕር አል አዝራቅ ይባል የለ! ሮማውያን ዳኑቢዩስ ይሉት ነበር፤ ግሪኮች ደግሞ ታችኛውን ክፍል ኢስትሮስ። የስሙ ሥር በጥንታዊው የኢንዶ አውሮፓ ቋንቋ ወንዝን ወይም የሚፈስ ነገርን የሚያመለክት ነው። ዶን፣ ዲኒፐርና ዲኒስተርም ከዚያው ሥር የወጡ ናቸውና ልጅዎ ካርታው ላይ አራቱን ጎን ለጎን ይፈልጋቸው።

ርዝመቱ የሚለያየው መነሻው ስለሚያከራክር ነው። ብሬግና ብሪጋህ የሚባሉ ሁለት ጅረቶች ዶናውኤሺንገን ከተማ አጠገብ ይገናኛሉ፤ ዳኑብ የሚለው ስም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ረጅሙን ብሬግን ከምንጩ ጀምሮ የቆጠረ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይጨምራል። ለቤት ሥራው 2,850 ኪሎ ሜትር ገደማ ብሎ ቢጽፍ ልክ ነው።

ለደሴ ሰው ይበልጥ የሚገባው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በኩታበር በኩል ያለው ከፍታ ዝናቡን ለሁለት ይከፍላል፤ የቦርከና ወገን በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ አዋሽ ሲወርድ፣ የበሽሎ ወገን ወደ ዓባይ ይሄዳል። በዳኑብ አናት ላይም እንዲህ ያለ የውኃ ክፋይ አለ፤ ነገር ግን መሬቱ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ከሥሩ ያፈስሳል። ኢመንዲንገን አጠገብ ወንዙ ይሰርግና በበጋ ወራት ድንጋዩ ብቻ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1877 ቀለም ጨምረው ቢከታተሉት፣ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የአህ ምንጭ ብቅ አለ። ያ ውኃ በኮንስታንስ ሐይቅ አልፎ ከራይን ጋር ሰሜን ባሕር ይገባል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፦ በዳኑብ ዳር ያለ ቦታ የሚገኝበት ኪሎ ሜትር የሚቆጠረው ከምንጩ ሳይሆን ጥቁር ባሕር ዳር ካለችው ከሱሊና ወደ ላይ ነው። ስለዚህ ቪየና 1,929፣ ቡዳፔስት 1,647፣ ቤልግሬድ 1,170 አካባቢ ተብሎ ቢያገኙ፣ ቁጥሩ የሚበልጠው ከተማ ለምንጩ የሚቀርበው ነው።